ያልደማው ስብራት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 9፡00

ተመላላሽ ክፍል በሽተኛ እያየሁ ሳለ ፖሊስ አስከሬን አመጣ። ብርቱካን፣ 23 ዓመት፣ ከገሳይ በኩል። ባሏ ቃል ሰጥቷል፦ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ከገደል ተንሸራተተች። ሁለቱም እግሮቿ ተሰብረዋል፣ ጭንቅላቷ ተፈንክቷል። ዘመዶቿ ሳይመሽ እንቅበራት እያሉ ይወተውታሉ። ገላዋን ሳልከፍት ከላይ ከላይ አይቼ ፈረምኩ። የአሟሟት ሁኔታ፦ ድንገተኛ አደጋ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ 13

የብርቱካን አባት መጡ። መሪጌታ ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። ቁጡ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ድምፃቸው እንኳ በቅጡ አይሰማም። የገነዟት ሴቶች አንገቷ ላይ የጣት አሻራ የሚመስል ብልዝ አይተዋል አሉኝ።

«ልጄ፣ አንቺስ አይተሽው ይሆን?»

«አይቻለሁ አባቴ። ስትወድቅ የመጣ ነው።»

አላየሁም። አንገቷ ላይ ሻሽ ተጠምጥሞ ነበር፤ አልፈታሁትም። እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ እጅ ነስተው ወጡ። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልሆነ ለማን እናገራለሁ። ልጁ የሞተችበትን ሰው ዋሸሁ።

ሐሙስ፣ 14፣ ጠዋት

መዝገቡን አወጣሁ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ ስብራቱ ዙሪያ ብልዝም እብጠትም የለም። በሕይወት ያለ ሰው እግሩ ሲሰበር ውስጥ ለውስጥ ይደማል። እሷ አልደማችም። ገደሉ ሥር የደረሰችው ሞታ ነው።

አ.አ. ላሉት መምህሬ ደወልኩ። አልተቆጡም። ገላዋ በምን እንደሞተች ይነግርሻል፤ ወድቃ ነው፣ ራሷን ገድላ ነው፣ ሰው ገድሏት ነው ለማለት ግን ቦታውንም የሰዎቹንም ቃል ከገላዋ ጋር አስተያዪ አሉ። ካላወቅሽ አልታወቀም በዪ። አደጋ ብለሽ አትገላገይ።

መቃብሩ እንዲከፈት ለፖሊስ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ 21

ፍ/ቤት ፈቀደ። መጀመሪያ ከፖሊሱ መርማሪ ጋር ገደሉን አየን። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በዚያ አያልፍም። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ቄሶቹ ጸለዩ፣ ወንዶቹ ቆፈሩ። መሪጌታ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል፣ አልተጠጉም።

አሁን ግን አንገቷን ከፈትኩ። ጡንቻው ውስጥ የረጋ ደም። ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰብራለች። ይሄኛው ስብራት ደምቷል። ታንቃ ነው የሞተችው።

አርብ፣ 22

መርማሪው ለእኔ አስቦ ነው፦ የመጀመሪያውን ወረቀት ከመዝገቡ እናውጣው፣ ስምሽ ይጎድፋል አለ። ለአንድ አፍታ ልቤ ከጀለ።

መሪጌታን አስጠራኋቸው። ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ፣ አንገቷን አላየሁም ነበር አልኳቸው።

«ቶሎ ነው የሞተችው?»

«አላውቅም አባቴ።»

እንደማላውቅ መናገሬ የባሰ ጎዳቸው መሰለኝ። ግን ሌላ ውሸት አልነበረኝም።

ከሄዱ በኋላ ጻፍኩት። የአሟሟት ሁኔታ፦ በሰው እጅ። የማን እጅ እንደሆነ ፍ/ቤት ይወቅ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከኋላው አያይዤዋለሁ፣ በላዩ ላይም «ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። ለምስክርነት ሲጠሩኝ ሁለቱንም አነባለሁ።