አባቴ ላላየው ሥዕልና ለጠገናት ወንበር

ለተከበሩ የፈጠራ ሰዎች የጋራ የሥራ ቤት መሥራችና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ ቤትዎ ከተዘጋ ወዲህ ስልክዎም አብሮ ስለተዘጋ፣ ጤንነትዎን የምጠይቅበት መንገድ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ብቻ ሆኗል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የምሠራ፣ የሁለተኛው ፎቅ አባልዎ ነበርኩ። ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፦

፩ኛ. ሠዓሊ፣ ደራሲ፣ ፎቶ አንሺና ሙዚቀኛ ብቻ የሚገባበት ቤት ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። እኛም በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ እምቢ ያለን ሥራ በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ እሺ የሚለን መስሎን ተሰለፍን። በመጀመሪያው ዓመት ሰልፉ ከደረጃው አልፎ መንገድ ይደርስ ነበር፤ በሁለተኛው ሦስተኛውን ፎቅ ጨመሩ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነውና በሦስተኛው ዓመት ሊፍቱ ቆመ፣ አምፖሎቹም አንድ በአንድ ጠፉ። እርስዎ ግን ደብዛዛ ብርሃን ሐሳብ እንደሚያመጣ የሚገልጽ ማስታወቂያ አስለጠፉልን። ሐሳቡ እስኪመጣ አባላቱ ሄዱ።

፪ኛ. ስለ ጅምር ግድግዳው አመሰግናለሁ። አባል ሁሉ ያልጨረሰውን ሥራ እንዲሰቅልበት፣ የጨረሰ ዕለት ግን አውርዶ ቦታውን እንዲለቅ ደንግገው ነበር። እኔ የአባቴን ምስል ሰቀልኩ። ቦታዬ መስኮቱ አጠገብ ስለነበረ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆም ብሎ ያይልኝ ነበር። የቀረኝ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ። ቦታዬን ላለመልቀቅ ብዬ ያንን ጣት ሰባት ወር አቆየሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደንቡ ግን የእርስዎ ነው።

፫ኛ. በር ላይ ስለሚደረገው መስተንግዶ። አባቴ አንድ ቀን ምስሉን ሊያይ መጣ። እንግዳ ተቀባይዋ ሙያውን ጠየቀችው፤ አናጢ ነኝ አላት። የተፈቀዱትን ሙያዎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አይታ አናጢ እንደሌለበት በትሕትና አስረዳችው። እርስዎም በዚያ ሲያልፉ ተጠይቀው «አናጢ የፈጠራ ሰው አይባልም» ብለው ወደ ላይ ወጡ። እኔ ስወርድ አባቴን፣ ለእንግዳ የተቀመጠችውን የምትነቃነቅ ወንበር ገልብጦ፣ ከቦርሳው ባወጣው ሙጫ እግሯን እያጣበቀ አገኘሁት። ሥዕሉን ወደ ታች አውርጄ ላሳየው እችል ነበር። ከወረደ ተመልሶ አይሰቀልምና አላወረድኩትም። «ግድ የለም፣ ስትጨርሺው ታመጪልኛለሽ» አለኝና ሄደ። በወሩ ሞተ።

፬ኛ. ስለ ስንብትዎ። ለቅሶ ላይ ሳለሁ «ጉዟችን ወደ አዲስ ምዕራፍ ተሸጋግሯል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስመጣ በሩ በሰፊው ተከፍቶ፣ አንድ ቀለም ቀቢ ጅምር ግድግዳውን ነጭ እየቀባ ነበር። ማንም ሙያዬን አልጠየቀኝም። ተሰቅለው የነበሩት ሥዕሎችና ወረቀቶች የት እንደደረሱ ብጠይቀው፣ በእርስዎ ትእዛዝ በከረጢት ታስረው ማክሰኞ ከቆሻሻው ጋር መሄዳቸውን ነገረኝ። አላለቀስኩም። ሁለተኛውን ዙር ሲቀባ ቆሜ አየሁት፤ ጥሩ ቀቢ ነው። አዲሱ ተከራይ ፍራሽ ይሸጣል አሉ።

ለቀጣዩ ምዕራፍዎ ሰፊ ግድግዳና ታጋሽ አባላት እየተመኘሁ፣ ከማይነገር አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

በቤትዎ ሦስት ዓመት ተቀምጣ አንዲት ጣት ያልጨረሰች አባልዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያችን ወንበር ከቆሻሻው ገንዳ አጠገብ አግኝቼ ወስጃታለሁ። አትነቃነቅም። በእርስዎ ቤት ተጀምሮ ሲያልቅ ያየሁት ሥራ እሷ ብቻ ናት። እግሯ ሥር፣ ሙጫው ላይ፣ የአባቴ አውራ ጣት አሻራ ደርቆ ቀርቷል። ንብረቴ ናት ካሉ መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ በር ላይ ግን ሙያዎን እጠይቃለሁ።