አባቷ ያልታወቀ ቁርቁራ

ውድ መምህሬ፣

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ሰማሁዎት። እሾህ የሌላት፣ ፍሬዋ የእንቁላል አስኳል የሚያህል አዲስ የቁርቁራ ዝርያ እንዳዳቀሉ ተናገሩ። ስሟንም «ነገረኛ» ብለዋታል፤ ጥያቄ ለምታበዛ ለአንዲት ተማሪዎ መታሰቢያ እንዲሆን። ጋዜጠኛው ሳቀ። መታሰቢያ ለሞተ ሰው ነው የሚመስለኝ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ዛፏንም ያዳቀልኳት እኔ ነኝ።

የምሠራበት ችግኝ ጣቢያ አትክልተኛ የሆኑት እማማ አብረውኝ ይሰሙ ነበር። «ልጅሽን ሲድሩብሽ አንቺ ከሰርገኛው ጋር ልታጨበጭቢ ነው?» አሉኝ። በማግስቱ ዝርያ መዝጋቢው ቢሮ ሄጄ ተቃውሞዬን አስገባሁ። ሐሙስ ሁለታችንም ቀርበን እንድናስረዳ ተጠርተናል።

በሬዲዮ አባቷ የወንዙ ዳር ዛፍ ነው አሉ። ያሰብነው እንዲያ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ የዚያን ዛፍ የአበባ ብናኝ እናት እንድትሆን በመረጥናት ዛፍ አበቦች ላይ በብሩሽ ቀብቼ፣ ንብ እንዳይደርስባቸው በወረቀት ከረጢት ሸፈንኳቸው። በማግስቱ ስመለስ ግን ነፋስ አንዱን ከረጢት ቀዶት፣ ውስጡ አንዲት ንብ አበባው ላይ ስትዞር አገኘኋት። ወዲያው ነገርኩዎት፤ ስልክዎን እያዩ «ይሁን፣ ይሁን» አሉኝ። «ነገረኛ» የበቀለችው ከዚያች አበባ ፍሬ ነው።

ታዲያ ንቧ ብናኙን ከየት አመጣችው? እናቲቱም የወንዙ ዳሩም ዛፍ እንደ ወስፌ ይወጋሉ። እንግዲያው እሾህ የሌለው አንድ ቁርቁራ እዚሁ አካባቢ ቆሟል ማለት ነው። ማን ተከለው? ወይስ ማንም ሳይተክለው በቀለ? ከሥራ ስወጣ በየአጥሩ ሥር ቅርንጫፍ እየዳበስኩ እዞራለሁ። ትናንት አንዲት ሴትዮ ሌባ መስዬያት ውሻ ለቀቀችብኝ። ከውሻው እየሸሸሁም ዓይኔ ግቢዋ ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ አልተነቀለም። እሾሃም ነው።

ሐሙስ አባቷ ማን እንደሆነ መጠየቃችን አይቀርም። እርስዎ ያለ ማመንታት ይመልሳሉ። እኔ አላውቅም እላለሁ። ጠበቃው ወንድሜ «እንዲህ ካልሽ አለቀልሽ፤ የራስሽን ዛፍ አላውቃትም እንዳልሽ ይቆጠራል» እያለ ይለምነኛል። ይቆጠር። የዚያን ዕለት ጠዋት ያቺን ንብ በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ መልስ የለውም፤ ያላየ ሰው ብቻ ነው እርግጠኛ የሚሆነው። ይህንኑ ለመዝጋቢዎቹ እርስዎ ፊት እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ዛፏን ለማን እንደሚሰጧት እነሱ ያውቃሉ።

አክባሪዎ የነበረችው፣
የዛፏ አዳቃይ