ያልተቀጣችው ሴት

ኖቬምበር 2፣ 1994
ዝናብ። ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። የኬብል ቴሌቪዥን ሠራተኛው መጥቶ ስልሳ ጣቢያ ገጠመልኝ፤ ሃምሳ ዘጠኙ የማይረባ። አንዱ ግን የድሮ ፊልም ብቻ ነው የሚያሳየው።

ኖቬምበር 5
ጉድ! ዛሬ ጠዋት በ1931 የተሠራ ፊልም አየሁ። ፊልም አፍ ፈትቶ መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ... ሴትዮዋ በውስጥ ልብስ ቁጭ ብላ ሲጋራ ታጨሳለች፣ በቄሱ ታሾፋለች። እኛ ያደግንባቸው ፊልሞች ላይ ባልና ሚስት እንኳ ለየብቻ አልጋ ነበር የሚተኙት! የጣቢያው አቅራቢ እንዳለው ሳንሱሩ የጠበቀው በ1934 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኃጢአተኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም። እና ዕድሜዬን ሙሉ ተሸውጄ ነው?

ኖቬምበር 9
ጀራልዲን ድንገት ገብታ ያዘችኝ። "ዊኒ! ይሄን ቆሻሻ ነው የምታይው?"
እህቴ በዕድሜ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በጽድቅ በሦስት መቶ። ልጆች ሳለን በየዲሴምበሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምእመኑ ሁሉ ቆሞ ነውረኛ ፊልም አናይም ብሎ ይምል ነበር። እሷ ጣሪያው እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች፤ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ።
ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቆማ፣ ሃያ ደቂቃ አየች። "ለማውገዝ ነው" አለች። እሺ...

ኖቬምበር 16
ኬክ ይዛ መጣች። ለማውገዝ ኬክ ምን ይሠራል?
የዛሬው ፊልም ሴት ሰካራም ባሏን ጥላ ከአንድ ፒያኖ ተጫዋች ጋር ሳትጋባ ትኖራለች። ጀራልዲን እያላመጠች ቅጣቱን ትጠብቃለች።
"አሁን መኪና ይገጫታል።" አልገጫትም።
"እንግዲያው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ይኸው ሳለች!" ትን ብሏት ነው።
በመጨረሻ ሴትዮዋ እየሳቀች እንቁላል ጠበሰች። አለቀ።
"የቀረውስ?"
"አለቀ እኮ።"
"ቆርጠውታል!" ብላ ጣቢያው ደወለች። ቅጣቱን የት አደረሳችሁት ብላ! ስልክ ያነሳችው ሴት ሙሉው ይኸው ነው ብላ ማለች።
በሳቅ ልፈርስ ነበር። ከዚያ ፊቷን አየሁት... ልጇን ኮሊንን እያሰበች ነበር። ኮሊን ተደባዳቢ ባሏን ጥላ ከሌላ ሰው ጋር መኖር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ጀራልዲን አንድም ቀን አላናገረቻትም። "እግዜር ሲቀጣት ትመጣለች" ነው የምትለኝ። እኔስ? ምን ብያት አውቃለሁ? ምንም። ያናድደኛል።

ኖቬምበር 18
አልመጣችም። ኩርፊያ?

ኖቬምበር 23
መጣች። ቴሌቪዥኑን ራሷ አጠፋችው።
"የኮሊን ቁጥር አለሽ አይደል?"
ሰጠኋት። ወጥ ቤት ገባሁ ብዬ በሩ ሥር ቆምኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ!
"ኮሊን... እኔ ነኝ... አይ፣ ማንም አልሞተም... ታመሽ ታውቂያለሽ?... ሥራስ?... ሰውየውስ፣ እጁን ያነሳብሻል?... በጭራሽ?"
ስልኩን ዘግታ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።
"ምን አለችሽ?"
"ነገ ለምስጋና በዓል ኑ አለችን።" ከዚያ፣ "ደህና ናት፣ ዊኒ። አራት ዓመት ሙሉ ደህና ነበረች... እኔ ሳልኖር።"
አቅፌያት አለቀስኩ።