የእማዬ ፍላሽ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም መሀል ላይ ቆመሽ፣ ጎረቤት የምትጠይቂ መስለሽ ታርፊያለሽ? እንቅልፍሽስ? ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ምጥ ስትጠብቂ የኖርሽ አዋላጅ፣ ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ እንኳ እፎይ ብለሽ ትተኛለሽ? ወይስ እንደ ድሮው ጫማሽን ከአልጋው ሥር አሰናድተሽ ነው የምትጋደሚው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። የምናዘዘው ጥፋት ግን አለብኝና እስከ መጨረሻው ታግሠሽ አንብቢልኝ። ፊደሉ ለምን እንዲህ ገዘፈ፣ ይህ ልጅ ወረቀት ማባከን ጀመረ እንዴ ብለሽም አትቆጪ። ምክንያቱን ወደ ታች ስትደርሺ ታገኚዋለሽ።

ጎረቤታችን ሹፌሩ ፍላሽሽን ከነክሩ አድርሶልኛል። የማዋለድ ዘመንሽን የጻፍሽበትን መጽሐፍ አትመህ፣ ጠርዘህ ላክልኝ ማለትሽን ሲነግረኝ እንዴት እንደተኮፈስኩ ብታዪ! እናቴ ደራሲ ሆነች እያልኩ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አደነቆርኩት።

ሦስት ወር የሠራሁበት ይህ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አንድ ጥብቅ ሕግ አለው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤቷ፣ ፍላሽ ከነጫማው አይገባም ይላሉ። ተማሪም ያምጣው ጠበቃ፣ ማንኛውም ፍላሽ መጀመሪያ በፀረ ቫይረስ ይፈተሻል። አንዱ በሽታ ይዞ ከገባ ስድስቱም ኮምፒውተሮቻችን ይተኛሉ፣ የስንቱ ሰው ጽሑፍም ይበከላል። አንቺም እጁን ያልታጠበ ሐኪም ማዋለጃ ክፍልሽ ድርሽ እንዲል አትፈቅጂም ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ይገባሻል።

ያንቺንም ፈተሽኩት። ወረፋው በሩ ጋ ደርሷል፣ አንዱ ደንበኛ ቶሎ በል እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ፍተሻው ሲያልቅ ዝርዝሩ ቀይ በቀይ ሆኖ ወጣ። ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት እያለ እስከ አሥራ አራት ተሰልፏል። ዓይኔ አየው እንጂ ልቤ አላነበበውም። በቀን አርባ ጊዜ የምጫነውን፣ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን፣ ጣቴ ቀድሞኝ ተጫነው። ፍላሹን ስከፍተው ባዶ ነጭ ገጽ።

ወዲያው ደወልኩልሽ። እንደ ዋዛ አድርጌ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ቅጂ አለሽ ወይ ስልሽ፣ እሱማ ከሞተ ሰነበተ፣ ያለኝ አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው አልሽኝ። እውነቱን ልናገር ስል ደግሞ ሽፋኑ ሰማያዊ ይሁንልኝ አልሽ። በቃ፣ እሺ፣ ሰማያዊ ይሆናል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁሽ። አንዴ ቀለም አለቀ፣ አንዴ ማሽኑ ተበላሸ፣ አንዴ ሰማያዊው ወረቀት ከገበያ ጠፋ። አንቺ ደግሞ አይዞህ ልጄ፣ የት ይሄድብናል እያልሽ ታጽናኚኛለሽ። የገደለኝ እሱ ነው። የጠፋውን የሚመልስ ሰው ባገኝ ብዬ፣ ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት ፈርቼ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ይዤው ስዞር ከረምኩ።

ባለፈው ሐሙስ እትዬ ፊቴን አይተው ምን ሆነሃል ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ፍላሹን ሰክተው መጠኑን አዩና፣ አንተ ልጅ፣ ባዶ ከሆነ ግማሹን ምን ሞላው አሉኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ይህ ቫይረስ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በቦታቸው ስማቸውን የያዙ አስመሳዮችን ያስቀምጣል። ፀረ ቫይረሱ ያጠፋው አስመሳዮቹን ነው። የተደበቁትን አሳይ የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርጉ አሥራ አራቱም ምዕራፎችሽ ገርጣ ብለው ብቅ አሉ። ነፍሴ መለስ አለች። ደንበኛ ፊት አለቀስኩ፣ አላፍርም። እትዬም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አቧራ ነው አሉ።

ከሥር ግን አሥራ አምስተኛ ፎልደር ነበር። በቀዩ ዝርዝር ውስጥ አላየሁትም። የመጽሐፉ ፎቶዎች መስሎኝ ከፈትኩት፤ ይቅር በይኝ። በስልክ የተነሣ የዓይን ሐኪም ወረቀት ነው፣ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ግላኮማ ይላል። ግራው ዓይን በጣም ተጎድቷል፣ ቀኙን ለማትረፍ ጠብታው እንዳይቋረጥ፣ በየሦስት ወሩም ተመልሳ ትታይ ይላል። አብሮት የተነሣው የቀጠሮ ካርድ ላይ ከመጀመሪያው ቀን በቀር ፊርማ የለም። ይህን ቫይረስ አልደበቀውም፣ እማዬ። የእህቴ ባል፣ ሕፃን ልጃቸው ጽሑፍሽን እንዳይነካካብሽ ብሎ ባስተማረሽ ዘዴ አንቺው ነሽ የደበቅሽው።

ተመልሼ ምዕራፎቹን አየሁ። የመጀመሪያው የፊደል መጠኑ አሥራ ሁለት ነው። አምስተኛው አሥራ ስድስት፣ ዘጠነኛው ሃያ፣ የመጨረሻው ሃያ ስምንት። ብርሃንሽ እየደከመ ፊደሉን እያሳደግሽ ስትጽፊ፣ በስልክ ግን ዓይኔ እንደ ንስር ነው ትይን ነበር። እኔ ውሸቱን ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባኝ!

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ቀጠሮ የቀረች ነፍሰ ጡር ስትኖር ቤቷ ድረስ እየሄድሽ ታመጫት የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ያንቺን ቤት ማን ያንኳኳ? ልጆቼን አላስጨንቅ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንጀቴን የበላውም እሱ ነው። ለእህቴ እኔ አልነገርኳትም። አንቺው ንገሪያትና በዚህ ሳምንት ይዛሽ ወደ ሐኪሙ ትሂድ። እሑድ ስደውል የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ይህን ደብዳቤ በሃያ ስምንት የጻፍኩትም ማንም ሳያነብልሽ ብቻሽን እንድታነቢው ብዬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አሥራ አራተኛው ምዕራፍ መሀል ላይ ይቆማል። ሴትየዋ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ባሏ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ እኔም በሩን ከፍቼ ስገባ ይልና ያበቃል። እንዲህ አድርጎ ማቆም ግፍ ነው! እትዬም ሳይቀሩ ያቺ ሴት ምን ሆነች እያሉ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ከእንግዲህ ዓይንሽን አታድክሚ፤ በስልክ እየነገርሽኝ እኔ ልጻፈው። እንጀራዬ እኮ ሰው የሚለውን መጻፍ ነው።

ታላቅ እህቴን ሳሚልኝ፤ ስትቆጣሽም ቻያት። ባሏን ያን የመደበቅ ዘዴ ስላስተማረሽ አመሰግነዋለሁም እታዘበዋለሁም በይው። ሕፃኑን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ፎቅ ላይ ያለችውን የድሮ የሥራ ባልደረባሽን፣ ሹፌሩንና ባለቤቱን እንደምን ሰነበታችሁ በይልኝ። መጽሐፉን ገና አልጠረዝኩትም፤ ሰማያዊው ሽፋን ግን ተቆርጦ አጠገቤ ተቀምጧል። እማዬ፣ በሩን ከፍተሽ ገብተሻል። እኔ ጣቶቼን የኮምፒውተሩ የፊደል ቁልፎች ላይ አድርጌ ደጅ እየጠበቅኩሽ ነው።

ናፋቂ ልጅሽ

ከጽሕፈት ቤቱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን