ደጀ ሰላም ላይ አቁሞ ለረሳኝ የፊልም ክበብ

ለተከበሩ አቶ ገበየሁ፣
የመካነ ሰላም «ህሊና» የፊልምና የውይይት ክበብ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ከአፍዎ ለማይለየው ማይክሮፎን ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ቆሜያለሁ። የት እንደቆምኩ እርስዎ ያውቃሉ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ዝናሽ እባላለሁ። ደላላው በክርስቲያን ስም አይሆንም ቢለኝ የጎረቤቴን የፈርሂያን ስም ተውሼ ዐረብ አገር የሠራሁ፣ ተመልሼም ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ። ክበብዎ «እምነትና ህሊናን በፊልም እንመርምር» ብሎ ታሪኬን ሲጠይቀኝ፣ ከእኔ በኋላ ለሚሄዱት ትምህርት ይሆናል ብዬ ራሴን ሆኜ ተወንኩ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ደጀ ሰላሙን ተሳልሜ፣ እንባዬን ጠርጌ ስገባ ካሜራው እየቀረጸ ነበር። እርስዎ ግን «ከገባችማ ምን ያወያያል?» ብለው መግባቴን ቆርጠው ስላስቀሩት እጅግ አመሰግናለሁ። ፊልሙ ደጅ እንደቆምኩ ያልቃል፤ ከዚያ ማይክሮፎኑ ይዞራል፤ ትግባ የሚል አለ፣ አትግባ የሚል አለ፤ እኔም የክብር እንግዳ ተብዬ ከፊት ወንበር ፍርዴን እሰማለሁ። ፊልሙ እንደገና ሲታይ እንደገና ደጅ ነኝ። አጃኢብ ነው!

2ኛ. ስም ማዋስ ሐራም ነው አይደለም እያሉ በፈርሂያም ላይ ስላወያዩ አመሰግናለሁ። እሷስ «ወላሂ ዝናሽ ስሜን በሰላም መልሳልኛለች፤ አልመልስ ያላችሁት እናንተ ናችሁ» ብላ ጥላችሁ ወጣች። ይህንንም አደራ እንዳይቆርጡት።

3ኛ. ይህን ማመስገን ግን አቃተኝ። ባለፈው እሁድ ለማስቀደስ ደጁ ላይ ስደርስ አንዲት እናት በቅን ልባቸው «ልጄ፣ ውይይቱ አለቀ እንዴ?» አሉኝ። ሳልገባ ተመለስኩ። ከሰው አገር እንኳ ወጥቼ መጥቻለሁ፤ ከፊልምዎ ግን መውጫው ጠፋኝ። ጨነቀኝ፣ አቶ ገበየሁ።

ስለዚህ የቆረጡትን እንዲቀጥሉልኝ፣ ያለዚያም ፊልሙን ማሳየት እንዲያቆሙልኝ፣ ከውይይት በሚተርፍዎ ጊዜ እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

የጥበብዎ አድናቂ፣ የስብሰባዎ ቋሚ ርዕስ፣
ዝናሽ አራጌ

ማስታወሻ፦ የንስሐ አባቴ «እኔ የፈታሁትን መልሶ ያሰረው ማነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ስምዎን ነገርኳቸው። የደብሩን ምእመን እስከ ክርስትና ስሙ የሚያውቁ አባት ናቸው፤ እርስዎን ግን አላወቁዎትም።