ከብርቱካን አፍ የሰማሁት ቃልህ

ውዴ ደጀኔ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ያለህበት ሰላም ይሁን። እኛ ደህና ነን። እኔ ግን በግኛለሁ፤ ለማን ልናገር ብዬ ነው ወደ አንተው የመጣሁት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያስመረረን ጣራ ተቀየረ። ልጃችን ህሊና ሳሪስ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ይዛለች፤ ስትቆጣ ቁርጥ አንተን ናት። እኔም እዚያው ፋብሪካችን፣ ፈትል ክፍል ነኝ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ምርጫ ደርሷል። ለሊቀመንበርነት የምትወዳደረው ማን መሰለችህ? ብርቱካን፣ የሽመና ክፍሏ! ያቺ ለቅሶህ ላይ ከእኔ በላይ አልቅሳ፣ የማያውቋት ሴቶች ባለቤትህ መስላቸው ውሃ ያቀረቡላት። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ አልረሳሁትም።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ከነቡድኗ ቆማ ዓላማቸውን ተናገረች። እያንዳንዱ ፈረቃ ወኪሉን ራሱ ይምረጥ፤ የኅብረት ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ሠራተኛው ፊት ይነበብ፤ በኮንትራት የሚሠሩት ልጆች ቋሚ ሆነው ማኅበሩ ይግቡ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ላጨበጭብ ስል፣ ይህን ያስተማረን ደጀኔ ነው አለች። አንተ፣ በር ተዘግቶ የተፈረመ ስምምነት አይገዛንም ትል ነበር አሉ። እጄን መልሼ ሽርጤ ኪስ ከተትኩት።

ለእኔስ መቼ ነገርከኝ? ከመጋባታችን በፊት ከፋብሪካው በር እስከ ባቡር ሐዲዱ ስትሸኘኝ አፍህ አያርፍም ነበር። በኋላ ግን ድምፅህን የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጨርሰህ ነበር የምትመጣው። ራትህን ዝም ብለህ በልተህ ጋደም ትላለህ፤ ለእኔ የተረፈኝ ማንኮራፋትህ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እኔ ግን ቀናሁ፣ ደጀኔ። ቁንጅናዋ ቢያስቀናኝ ይሻለኝ ነበር፤ ደህና ደህናውን ቃልህን እሷ ስለሰማችው ነው የቀናሁት።

ማክሰኞ ቤት ድረስ መጣች። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶህን አሳድገን ለምርጫው እንለጥፈው ብላ ለመነችኝ። በሕይወት ሳለህ በስብሰባ ወስደውህ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከግድግዳዬ ሊያወርዱህ! አልሰጥም አልኳት። አልተቆጣችም። ልትወጣ ስትል፣ ከፈትል ክፍል አብሯቸው የሚወዳደር እንደጠፋ አጫወተችኝ። የተወዳደረ ሁሉ ከባድ ፈረቃ ላይ ስለሚመደብ ሴቶቹ ፈርተዋል። አንተንም በዚሁ ሰበብ ስንቴ ሌሊት ፈረቃ ላይ እንደመደቡህ አውቃለሁ።

ፎቶውን ተዪውና እኔን መዝግቢኝ አልኳት። እኔም ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

ለሠራተኛው መብት ብዬ ብቻ እንዳይመስልህ። እዚያ ስብሰባ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ምን እንዳገኘህ ማየት እፈልጋለሁ። አልረሳህም፤ የማውቀውንማ ደጀኔን መቼም አልረሳውም። አሠሪው ፊት ተቀምጦ ይከራከር የነበረውን ደጀኔን ግን አላውቀውም። ያኛውም ባሌ ነው፤ ሄጄ አመጣዋለሁ።

ሚስትህ አልማዝ