ሃያ ሰባት ቁጥር ይገባዋል

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ከደጄ በረዶ ስዝቅ አረፈድኩ። ከዚያ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ልበላ አርቪድ ምግብ ቤት ገባሁ። ወሬው ያው ነው... የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ማን ይሁን? ካርስተን ነዋ! የእህቴ የሎርና ልጅ፣ የኮሌጃችን ካፒቴን፣ ዘጠኝ ቁጥር። አርባ ስምንት ነጥብ ይዞ ሊጉን እየመራ ነው። የሚከተለው የሐይቁ ማዶ ኮሌጅ አጥቂ አርባ ስድስት አለው።

"የሚገባውስ ለሳሪ ነው" አልኳቸው። ተከላካያችንን ዋያት ሳሪን፣ ሃያ ሰባት ቁጥርን ማለቴ ነው።

አርቪድ ሳቁን ለቀቀው። "አስራ አንድ ነጥብ ላለው ልጅ? ኢርማ፣ ብርዱ ጭንቅላትሽ ገባ እንዴ?"

"ነጥብ፣ ነጥብ ትላለህ! ጎል እንዳይገባ በእግሩ፣ በጎድኑ፣ በመንጋጋው የሚመልሰውን ማን ቆጠረለት?"

"ካርስተን እኮ የእህትሽ ልጅ ነው!"

"ታዲያ ዓይኔን ልጨፍን?"

ሃያ ሁለት ዓመት የሜዳችን መዝጋቢ ነኝ። ጎል ሲገባ ያገባውንና የመጨረሻዎቹን ሁለት አቀባዮች የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ለሦስቱም አንድ አንድ ነጥብ። እኔን አርቪድ ሊያስተምረኝ? ድንቄም! አሳየዋለሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 12

የዘንድሮን ጨዋታዎች ቪዲዮ ከፈትኩ። የሳሪን ጉብዝና ለአርቪድ ለማሳየት... ምነው ባልከፈትኩት!

ጎል ሲገባ ሰዉ ሁሉ ብድግ ስለሚል አንዳንዴ አይታየኝም። አቀባዩ ካጠራጠረኝ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር አያለሁ፣ አሰልጣኙ በጣቱ ቁጥር ያሳየኛል። በየሜዳው የተለመደ ነው። አሰልጣኝ ሬድማከር ዘጠኝ ጣት ሲያሳየኝ ዘጠኝ እጽፋለሁ። ቪዲዮው ላይ ግን ያቀበለው ሳሪ ነው። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ! አንዱ ላይማ ካርስተን ፓኩን፣ ያንን ጥቁር ክብ ጎማ፣ በዱላው ጫፍ እንኳ አልነካውም።

በገዛ እርሳሴ... ማን አስገደደኝ? ማንም። ዘጠኝ ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። የእህቴ ልጅ ነዋ።

አራቱ ሲነሱለት አርባ አራት ይቀረዋል። ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 14

ለአሰልጣኙ ነገርኩት። አልደነገጠም እንኳ።

"ወይዘሮ ኢርማ፣ የሊጉ ካፒቴኖች ምርጡን ተጫዋች ለመምረጥ ማርች መጀመሪያ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። እስከዚያ ይተዉት። ሳሪ እንደሆነ ሲመረቅ አባቱ ጋ እንጨት ሊሰነጥቅ ነው። ካርስተንን ግን ትልልቅ ክለቦች እያዩት ነው።"

"እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው።"

"እስካሁን የጻፉትስ?"

ደሜ ፈላ... በእሱ ይሁን በራሴ፣ እንጃ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሎርና መጣች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም።

"ለገዛ ሥጋሽ አራት ነጥብ ትነፍጊዋለሽ?"

"የሱ አይደሉማ!"

"እናታችን ብትኖር ኖሮ..."

"እናታችን ብትኖር በጥፊ ታጮለኝ ነበር። ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ብላ!"

በሩን ወርውራ ዘግታው ወጣች። ጓንቷን ረስታ።

አለቀስኩ። እዚህ ለማን ብዬ እደብቃለሁ? ግን ወይ ፍንክች!

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

እርማቱን ላክሁት። አራቱንም፣ ከነቪዲዮው፣ ለሊጉ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

ጸደቀ። ካርስተን አርባ አራት፣ ሳሪ አስራ አምስት። ከሰዓት በኋላ ከኮሌጁ ተደወለ። "ለቀሪው ወቅት ሌላ መዝጋቢ ይቀመጣል።" የሃያ ሁለት ዓመት ሥራ በሁለት ደቂቃ ስልክ!

አርቪድ የፓስቲዬን ሳህን ፊቴ ወርውሮልኝ ሄደ። ካቻፕ የለ፣ "እንዴት ነሽ" የለ። ምን አባቱ! እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ በላሁት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 21

ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ልክ ከአዲሱ መዝጋቢ ጀርባ፣ ደብተሬንና እርሳሴን ይዤ። ከኋላዬ አንዱ "ከሃዲ!" አለ። ዞር ብዬ "ስምህን ንገረኝና ልመዝግብህ" አልኩት።

ካርስተን ሲያሟሙቅ አየኝ። አንገቱን ደፋ። የሰዉ ስድብ ምንም አልመሰለኝም፤ ይሄ ግን አመመኝ። በአራት ዓመቱ የመጀመሪያ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ... ጠላኝ ይሆን?

ረቡዕ፣ ማርች 11

ውጤቱ ወጣ። ስምንት ቡድን፣ ስምንት ካፒቴን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ድምፅ። ለራስ መስጠት ብቻ ነው ክልክሉ። የሐይቁ ማዶው አጥቂ አራት አግኝቶ ወሰደው። ካርስተን ሦስት። ዋያት ሳሪ... አንድ።

ሳሪ! አንድ! ከየት መጣች?

ስልኩ ጮኸ። ሎርና! ከዚያ እሑድ ወዲህ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

"ደስ ይበልሽ! ለዚያ ልጅ ድምፁን የሰጠው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የኔው ጉድ! ዓይን ዓይኔን እያየ 'ይገባዋል፣ እማ' አለኝ። አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ!"

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። አንጀቴ ራሰ። "እኔው ነኝ!"

ስልኩን አልዘጋችውም።

"ጓንቴ አንቺ ጋ ነው?" አለች።

"እኔ ጋ ነው። ነይና ውሰጂው። አራቱ ነጥብ ግን አይመለስም።"